መነጽር አንሠራልሽም ያለኝ የዓይን ክሊኒክ

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሽሮ ሜዳ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ አንዲት ረዳት፣ በቃ። የሀበሻ ቀሚስ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ፣ ጥበብ ከጥበብ አገጣጥማለሁ። ዕድሜዬ 46 ነው። እንጀራዬ በዓይኔ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ዛሬ የምጽፈው ስለታከምኩበት የዓይን ክሊኒክ ነው። ስሙን አልጠራም። የማመሰግነውም የምወቅሰውም ስላለኝ፣ ብጠራው ግማሹ ማስታወቂያ ግማሹ ስም ማጥፋት ይመስልብኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ወደ ደረጃው እመለስበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በ2016 ክረምት ነው። የመርፌው ቀዳዳ ጠፋብኝ። ክሩን በምራቅ አርሼ፣ ጫፉን አሹዬ፣ እጄን ዘርግቼ፣ አሁንም ስቼ። አርባን ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ጽሑፍ እያራቁ ማንበብ ይጀመራል፣ ከዚያ እጅ ያጥራል። የዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየጠጠረ ሲሄድ ለቅርብ ዕይታ ቅርፁን መቀየር ያቅተዋል። በሽታ አይደለም፣ ዕድሜ ነው። ጥቅምት ላይ ከአንድ ሱቅ በደረቴ በ250 ብር ፕላስ 1.50 የሚል ወረቀት የተለጠፈበት መነጽር ገዛሁ። ሠራልኝ። ቀዳዳውም ተገኘ።

ከዚያ ተአምር መጣ።

የ2017 ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት መነጽሬን ቤት ረስቼ ወጣሁ። ረዳቴን ክር አስገቢልኝ ልላት ስል እንዲያው ልሞክር ብዬ በራሴ አስገባሁት። አንዴም አልሳትኩም። ደግሜ ሞከርኩ፣ ገባ። የጥበቡን ክር አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። የሃያ ዓመት ልጅ ሆንኩ! ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። አንዷ ጎረቤቴ የጾሙ በረከት ነው አለች። እኔ ግን በልቤ ካሮት ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። ከጥር ጀምሮ በየቀኑ ከሰዓት ላይ ከጎናችን ካለው ጁስ ቤት አንድ ትልቅ ብርጭቆ የካሮት ጁስ እጠጣ ነበር። ልጁ ስኳር ይጨምርበታል። ሁለት ማንኪያ፣ እጁ ከፈታ ሦስት።

ጁሱን ያስጀመረኝ ዓይኔ አልነበረም፣ ጥሙ ነው። በዚያ ሰሞን ውሃ አልቆርጥልሽ አለኝ። ሌሊት ለሽንት አራቴ እነሳ ነበር። ብዙ ስለምጠጣ ነው አልኩ። ጉርዴ ደግሞ ከወገቤ እየወረደ አስቸገረኝ። ሜትር አውጥቼ ራሴን ለካሁ፣ ስድስት ሳንቲም ቀንሻለሁ። ጾም ነው ብዬ ጉርዱን አጠበብኩት። ወር ሳይሞላ ድጋሚ አጠበብኩት። ያየኝ ሁሉ «አማረብሽ» ይለኛል። እኔም ደስ ይለኛል።

ከፋሲካ በኋላ ግን ሩቁ ጠፋብኝ። የታክሲ ታፔላ ማንበብ አቃተኝ። ረዳቱ ሲጮህ ሰምቼ ነው የምሳፈረው። አንዲት የቆየች ደንበኛዬ ከመንገዱ ማዶ እጇን ብታውለበልብልኝ ዝም ብያት አለፍኩ አሉ። «ዘጋችኝ» ብላ ለሦስት ሰው ተናግራለች።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ አንድ መነጽር ቤት ገባሁ። አንድ ጎበዝ ልጅ አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፎ ከሩቅ ያለች ፊኛ አሳየኝ። መሣሪያው ትንሽ ጮኸ፣ ወረቀት ተፋ። ማይነስ 1.50፣ የሩቅ መነጽር። በአንድ ሰዓት ውስጥ መነጽሩ ተሠርቶ 3,800 ብር ከፍዬ ወጣሁ። ዓለም ጠራች። የቅጠል ጠርዝ ሁሉ ይታየኝ ጀመር። ለ12 ቀን።

ከዚያ እንደገና ብዥ። ተመለስኩ። ልጁ «ዓይንዎ እስኪለምደው ነው» አለኝ። ስነጫነጭበት እንደገና ለካኝ። ማይነስ 2.25። ሌንሱን በግማሽ ዋጋ እቀይርልዎታለሁ አለ።

እዚህ ጋ ነው የልብስ ሰፊነቴ የነቃው። ማክሰኞ የለካሁት ወገብ ቅዳሜ ሌላ ቁጥር ከሰጠኝ፣ ወይ ሜትሩ ተበላሽቷል፣ ወይ ሰውየው ላይ የሆነ ነገር አለ። ሁለቱንም ሳልጠይቅ ጨርቅ አልቆርጥም። ይህ ልጅ ግን አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቀኝም። ብዙም አልፈርድበትም፣ መሣሪያው የዚያን ቀን ዓይኔን በትክክል ነው የነገረው። ብሬ ግን ያንገበግበኛል።

ክሊኒኩን የጠቆመችኝ አንዲት ደንበኛዬ ናት። ካርድ 350 ብር። የዋጋ ዝርዝር የሚባል ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም፣ በየክፍሉ ስትገቢ ነው የሚነገርሽ። ወረፋው ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ሴቱን ሁሉ «ማዘር» ይላል። እኔንም። በ46 ዓመቴ! ይሁን።

ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስኳር አለብዎት ወይ ነው። የለብኝም አልኩ። ግፊትስ? የለብኝም። ተመርምረው ያውቃሉ? አላውቅም። ቀና ብላ አየችኝና «እንግዲያውስ አይታወቅም» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ዕይታ የሚለካበት የ«ኢ» ሰሌዳው። ቀጥሎ ዓይን ላይ እፍ የሚለው መሣሪያ። ደንግጬ ወደ ኋላ ዘለልኩ፣ ሦስቴ ነው የተሞከረው። የዓይን ግፊት 16፣ ጥሩ ነው አሉኝ። እስከ 21 ድረስ ደህና የሚባል ነው። በነገራችን ላይ የዓይን ግፊትና የደም ግፊት ሌላ ሌላ ነገር ናቸው። በአማርኛ ሁለቱንም ግፊት ስለምንላቸው ነው የሚምታታብን። የዓይኑ ግፊት ዓይን ውስጥ የሚመላለሰው ፈሳሽ መውጫ ሲያጣ የሚጨምረው ነው፣ ግላኮማ ከሚባለው ጋር ይያያዛል። ግላኮማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሳያም ሳይቆረቁር ዕይታን ከዳር ከዳር እየበላ የሚመጣ ነው። አንዲት ጎረቤቴ የደም ግፊት ክኒን እየዋጥኩ ነው፣ ለዓይኔም ይሆነኛል ብላ ጠብታዋን ትታ ነበር። ይህን ሰምቼ መጥቼ ነው የተቆጣኋት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ 35 ቢሆናት ነው። ሁለቱን መነጽሮቼን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የሱቅ በደረቴውን ፕላስና የ3,800 ብሩን ማይነስ። አንዱን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች።

«ሁለቱም የእርስዎ ናቸው?»

«አዎ። በዚህኛው ድሮ ቅርብ አይበት ነበር፣ አሁን አልፈልገውም። በዚያኛው ሩቅ አያለሁ፣ እሱም ከዳኝ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ውሃ ይጠማዎታል?» አለችኝ።

ዓይኔን ላሳይ መጥቼ ስለ ጥሜ ስጠየቅ ሳቄ መጣ። ቀጠለች። ሽንትስ ሌሊት ያስነሳዎታል? ክብደት ቀንሰዋል? እኔ የጉርዴን ታሪክ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። እዚያው ጣቴን ተወጋሁ። ስኳሬ 312።

ቁርስ በልቼ ነበር የሄድኩት። ጥሙና ሽንቱ እያለ፣ የበላ ሰው ቢሆንም እንኳ 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው አለችኝ። በማግስቱ ሳልበላ ስለካ 241። ምግብ ሳይቀመስ ከ100 በታች ነው ደህናው፣ 126 እና ከዚያ በላይ ደግሞ በሽታው ነው። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራም 11.2 አለ። እዚያ ላይ ከ6.5 ጀምሮ ስኳር ይባላል። እኔ ገደቡን አልፌ ብዙ ሄጃለሁ።

ተአምሬን እንዲህ ነው ያፈረሰችብኝ። ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ የምስር ቅርፅ አለው። እንዲያውም ሌንስ የሚለው ቃል ራሱ በላቲን ምስር ማለት ነው። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ወደ ሌንሱ ይገባል፣ እዚያ ውሃ ይስባል። የተዘፈዘፈ ምስር ምን ይሆናል? ይነፋል። የተነፋ ሌንስ ቅርቡን አጉልቶ ያሳያል፣ ሩቁን ያደበዝዛል። እናም በዕድሜ ቅርብ ማየት ያቃተው ሰው ድንገት ያለ መነጽር መርፌ ያስገባል። እኔ ዓይኔ ዳነ ብዬ ሰፈር ሳዳርስ ሰውነቴ እየታመመ ነበር።

የካሮቱንም ጠየቅኳት። ካሮት ለዓይን ጥሩ ነው የሚባለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ ዳፍንት ይይዘዋል፣ ሲመሽ አያይም። ጉድለቱ ሲሞላ ይመለስለታል። ያልጎደለበት ሰው ግን ባልዲ ሙሉ ካሮት ቢጠጣ ዓይኑ አይጨምርም። እኔ የጨመርኩት በቀን ሁለት ሦስት ማንኪያ ስኳር ነው።

«እሺ፣ አሁን ስንት ቁጥር ትሠሩልኛላችሁ?» አልኳት።

«አሁን መነጽር አንሠራልዎትም» አለች። ስኳሩ እስኪወርድና ለሳምንታት እስኪረጋ ድረስ የሚለካው ልክ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ከሥር ምድር ቤት ያለው መነጽር ቤት የራሳቸው ነው፣ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። እኔ ወዲያው ገባኝ። አቡጀዲ ሳታጥቢ ብትቆርጪው ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ይሰበሰብና ቀሚሱ ለእህትሽ ልጅ ይሆናል። መጀመሪያ ይታጠብ፣ ይረፍ፣ ከዚያ ይቆረጥ። ለዚህች አንዲት «አይሆንም» ብቻ ከአምስት አምስት እሰጣቸዋለሁ።

የዚያን ቀን ግን ሌላም ነገር አይቻለሁ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመሩብኝ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ከዚያ በውስጥ በኩል ያለውን የዓይኔን ጀርባ፣ ሬቲናውን፣ ፎቶ አነሱት። ለብቻው 1,200 ብር ነው። ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። የበሰለ ብርቱካን የመሰለ ክብ ነው። በላዩ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ዛፍ ሥር ተበታትነዋል። እንደ ጥልፍ ያምራል፣ እውነቴን ነው። በጣቷ እያሳየች ቆጠረችልኝ። አንዲት ነጥብ፣ ሌላ ነጥብ፣ እዚህ ጋ ሦስተኛ። ስኳሩ ያሳሳቸው ጥቃቅን የደም ሥሮች እንደ ኳስ ተነፍተው፣ አንዳንዷም ደም አንጠባጥባ። ገና ጅምር ነው፣ ዕይታዬን አልነካም። ግን ይህ በሦስት ወር የሚመጣ አይደለም። ስኳሩ ምናልባት ለዓመታት አብሮኝ ኖሯል።

ያኔ የነገረችኝ ከሁሉ በላይ በልቤ ቀርቷል። ሰው ሳይቀደድ የደም ሥሩ እንዲህ በዓይን የሚታየው እዚህ ቦታ ነው። ኩላሊት ውስጥ ያሉትም እንዲህ የቀጠኑ ናቸው፣ እነሱን ግን ማንም አጎንብሶ አያያቸውም። ስለዚህ ዓይን ላይ ነጥብ ከታየ ኩላሊትም ይጠየቃል። ሽንት አስመረመረችኝ፣ እሱስ ደህና ነው። የደም ግፊቴ ግን 150 በ95 ሆኖ ተገኘ። ጋዋን አይቼ ፈርቼ ነው አልኩ። በሌላ ቀን ተለካ፣ ያው ነው። ግፊትም ሲቆይ እዚያው ሬቲና ላይ ይጻፋል አሉ፣ ቀጫጭኖቹን ሥሮች ያጠብባቸዋል። በኋላ ሳነብ፣ ዓይን ውስጥ አብርቶ የሚያሳየውን መሣሪያ ሄልምሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ በ1851 እ.ኤ.አ. ይፋ እንዳደረገው አገኘሁ። እኔ እስከዚያች ቀን አልሰማሁም ነበር።

እኛ ቤት የዓይን በሽታ ሁሌም ከውጭ የሚመጣ ነው። አያቴ ጎጃም ነው የኖረችው። አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ወረንጦ ታንጠለጥል ነበር። የዓይኗ ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ይወጋታል፣ እሷ ደግሞ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ትነቅለዋለች። ትራኮማ ነው። ዝንብ፣ ያልታጠበ ፊት፣ የውሃ እጦት። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ትራኮማ በጣም ከጠናባቸው አገሮች አንዷ ናት፣ አማራ ክልል ደግሞ በተለይ። ስለዚህ በእኔ ጭንቅላት ዓይን የሚታመመው በጭስ፣ በአቧራ፣ በዝንብ ነው። ከደም ሊመጣ እንደሚችል አላሰብኩም። ግን እኮ እናቶቻችን ያውቁታል። ልጅ ሲገረጣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርገው ደም ማነሱን ያያሉ። የወፍ በሽታ የያዘውን ሰው ጉበቱን አይቶ የሚለይ የለም፣ የዓይኑን ነጭ ነው የሚያዩት።

አሁን ወቀሳዬ። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ለሰዓታት ይቆያል። ቅርብ አይታይም፣ ብርሃን ይወጋል። ይዛችሁት የምትመጡት ሰው ይኑር ብሎ የነገረኝ የለም። ጥቁር መነጽር ይዛችሁ ኑ ያለኝም የለም። ሦስት ፎቅ ደረጃ፣ የሁለተኛው ፎቅ አምፖል የተቃጠለ፣ እኔ ግድግዳ እየዳበስኩ። የዓይን ክሊኒክን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሊፍት የከፈተ ሰው ዓይኑ ላይ ያ ጠብታ ተጨምሮበት አንዴ ወርዶ ይይ። ውጭ ስወጣ ስምንት ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ እንደ ብየዳ ነደደችብኝ። ታክሲ ውስጥ መቶ ብር ሰጥቼ የተመለሰልኝን ሳልቆጥር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቤት ስደርስ ጎድሎ ነበር። ስልካቸውም አይነሳም። ቀጠሮ ለመቀየር አምስቴ ደውዬ በመጨረሻ በእግሬ ነው የሄድኩት። ለሆስፒታል የጻፉልኝ ወረቀት ደግሞ በእጅ ጽሑፍ ስለሆነ የተቀበለኝ ሐኪም ራሱ አገላብጦ ነው ያነበበው። ለደረጃውና ለስልኩ ከአምስት አንድ። እሱም አዝኜላቸው ነው።

ስኳሬን የምከታተለው በመንግሥት ሆስፒታል ነው። ሜትፎርሚን የሚባል የስኳር ክኒን ጀመርኩ፣ የግፊት ክኒንም ተጨመረልኝ። ጁሱን ተውኩ። እንጀራውን ቀነስኩ። ጠዋት ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ። የጾሙን ነገር ከንስሐ አባቴና ከሐኪሙ ጋር ጨርሻለሁ፣ እዚህ አልዘረዝረውም።

ከዚያ ነው ያ ክሊኒክ ልክ እንደሆነ ያወቅኩት። የዓይን ሐኪሟ ስትሸኘኝ አስጠንቅቃኝ ነበር። «ስኳሩ መውረድ ሲጀምር ቅርቡ የባሰ ይጠፋብዎታል። ሌንሱ የያዘውን ውሃ እየለቀቀ ነው። መድኃኒቱ ነው ብለው እንዳያቋርጡ።» በአሥረኛው ቀን ገደማ መርፌው ጠፋ። ቀዳዳው ብቻ ሳይሆን መርፌው። የድሮው ፕላስ 1.50 አልበቃ አለ። ጎረቤቴ «ነገርኩሽ፣ ክኒኑ ዓይንሽን አጠፋው» አለችኝ። ሐኪሟ ባታስጠነቅቀኝ ኖሮ አምናት ነበር። ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ሽንት ቤት ጥሎት ይሆን? እኔ ግን ሐኪሟ በነገረችኝ መሠረት ከሱቅ በደረቴ ፕላስ 2.50 ገዝቼ ለጊዜው ተጠቀምኩ። ክሩን ረዳቴ ታስገባልኛለች። ሰኔን እንዲህ አሳለፍኩ። ታፔላው ግን ቀስ በቀስ ተመለሰ። ያለ ምንም መነጽር።

ነሐሴ ላይ ለካችኝ። በሳምንቱ ደግማ ለካችኝ። ሁለቱም አንድ ሆነ። ለሩቅ ምንም አያስፈልግም። ለቅርብ ፕላስ 1.75፣ ልክ ለዕድሜዬ የሚገባው። ያኔ ነው ታች ወርደሽ አሠሪ ያለችኝ። 1,700 ብር። እንቁጣጣሽን በእሱ ነው የሰፋሁት። የ3,800 ብሩ ማይነስ መሳቢያ ውስጥ ከቁልፎቹ ጋር ተቀምጧል። ለማንም አይሆንም፣ እንዳልጥለውም ብሩ አለ።

ሬቲናዬን እንደገና የሚያዩት ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ከጥምቀት በኋላ ይሁንልኝ ብዬ ለምኜ ነው። ከጥምቀት በፊት ማን መርፌ ይጥላል? ታናሽ እህቴን ይዤ እሄዳለሁ። ደረጃውን ደግፋኝ ትወርዳለች። እሷም ሰሞኑን ውሃ ውሃ ትላለችና፣ ጣቷን ሳትወጋ ከዚያ አላወጣትም።